ለራሳቸው ሦስት የሰጡት ሰው

ጋሽ ውባየሁ ቃሊቲ በሚገኝ የብረታ ብረት ፋብሪካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጥራት ተቆጣጣሪ ነበሩ። እሳቸው «አይሆንም» ያሉትን ዕቃ ሥራ አስኪያጁም ቢለምን አያስወጣውም። ዲቪ ደርሷቸው ኦክላንድ ከመጡ ወዲህ ግን ሪችመንድ ያለ ወርክሾፕ ውስጥ የማሽን ዕቃ በካርቶን ያሽጋሉ።

አምና፣ ዜግነት እንዳገኙ፣ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የጥራት ኢንስፔክተር ፈለገ። አፕሊኬሽኑን የሞላሁላቸው እኔ የእህታቸው ልጅ ነኝ። ቅጹ በእያንዳንዱ ሥራ ራስዎን ከአንድ እስከ አምስት ይመዝኑ ይላል።

«ሦስት በይ» አሉኝ። ሁሉንም ሦስት።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ አምስት ነዎት!»

«ሰው ይመስክርልኝ እንጂ እኔው ራሴን ላሞግስ? አያሳፍርም? ሰርተፍኬቶቼን ያዩ የለም እንዴ?»

ሰርተፍኬቶቹን ማንም አላየም። ኮምፒውተሩ ነጥባቸውን ደመረና ብቁ አይደሉም አለ። እስከዛሬ የሚያበግነኝ የራሴ ነገር ነው፤ ጣቴ አምስቱ ላይ ነበር፣ እሳቸውን አፍሬ ሦስትን ተጫንኩ።

ባለፈው ሳምንት ቦታውን ያገኘው ልጅ ወርክሾፑን ሊፈትሽ መጣ። የብረት ውፍረት የሚለካበትን ካሊፐር ገልብጦ ይዞ፣ ካርቶን የሚያሽጉትን ጋሽ ውባየሁን እንዴት እንደሚነበብ ጠየቃቸው። ሥራቸውን አቁመው አሳዩት። እሱም ፈርሞ ሄደ።

«ጎበዝ ነው፤ ቶሎ ገባው» አሉኝ ሲያወሩልኝ።

ደሜ ፈላ። «ከአምስት ስንት ይሰጡታል?» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና «አራት» አሉ።