የአያ እጥፋት

ታላቅ ወንድሜን አያ ነበር የምለው። በእኛ በኩል ታላቅ እንዲህ ነው የሚጠራው። በስሙ ጠርቼው አላውቅም፤ እዚህም አልጠራውም።

አያ ማሌዢያ ተምሮ ሲመለስ ለእናታችን ሻርፕ፣ ለእኔ የስልክ ሽፋን ይዞ መጣ። ለራሱ ደግሞ በካርቶን ሣጥን የተቀመጠ አንድ የራስ ነገር ነበረው። የራስ ነገር የምለው ሌላ ቃል ስላጣሁለት ነው። ቆብ አይደለም፣ ጥምጥምም አይደለም። በወርቃማ ክር የተሠራ አንድ ቀይ ጨርቅ ነው። አራት ማዕዘን ጨርቅ ብቻ፤ ግን ተጣጥፎ ተጣጥፎ ዘውድ መስሏል። ከግንባር በላይ አንዱ ጫፍ እንደ ክንፍ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እዚያ አገር ወንዶች ለሰርግና ለክብር ቀን ያደርጉታል። ስሙን ተንኮሎክ አለን።

እናቴ ሳቀች። «ስሙም ተንኮል፣ ሥራውም ተንኮል» አለች።

ማጠፍ ያስተማሩት የአንድ የክፍል ጓደኛው አባት ናቸው፤ ጓደኛው ሲያገባ ከሚዜዎቹ አንዱ አያ ነበር። እያንዳንዱ አስተጣጠፍ የራሱ ስም እንዳለው ነገረን። አንዱ ነፋስ የሚጋፈጥ ንስር ይባላል። አንዱ ደግሞ ክንፏ የተሰበረ ዶሮ።

«ክንፏ የተሰበረ ዶሮ ደፍቶ ማን ይሞሸራል?» አለች እናቴ።

«ትልልቅ ሰዎች ናቸው እኮ የሚያደርጉት፣ እማ።»

«እኛ ዘንድ ክንፏ የተሰበረ ዶሮ ወጥ ናት።»

የአያ ንስሩ ነበር። በገዛ እጁ ነው ያጠፈው።

ከዚያ እጮኛ ያዘ። ለሰርጉ ይህንኑ ሊያደርግ ቆረጠ። አንድ ቀን ጨርቁን ይዞ ጠራኝ። «ሙሽራ ራሱን አያለብስም። የምታጥፍልኝ አንተ ነህ፣ ና ላሳይህ» አለኝ። እኔ በስልኬ ኳስ እያየሁ ነበር። ነገ አልኩት። ሌላ ጊዜም ጠራኝ፤ ነገ አልኩት።

«ይሄ ድስት የሚያህል ራስህ ውስጥ ከነገ ሌላ ቀን የለም?» አለኝ።

ሰሊጥ ሊያይ ወደ ሳንጃ ቆላ ሲወርድ የተሳፈረባት መኪና ተገለበጠች። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

የአርባው ሰደቃ ሲቃረብ እናቴ ልብሱን እንዳጥብ አዘዘችኝ። «የሞተ ሰው ልብስ ሣጥን ውስጥ አይቀመጥም፣ ለለባሽ ይድረስ። ግን ታጥቦ ነው። ሰው ላብ አይመጸውትም» አለች። ሸሚዞቹን፣ ሱሪዎቹን፣ ግራጫ ጃኬቱን ግቢ አወጣሁ። ከካርቶኑም ያንን አወጣሁ። መስጠቱን አላሰብኩም። ላቡ እንዳለበት ግን አሸተትኩ፤ ከልብሱ ጋር ንጹሕ ይሁን አልኩ።

እኛ ቤት ኮፊያ ሐሙስ ሐሙስ ይታጠባል። ጣሳ ላይ ተደፍቶ ይደርቅና ዓርብ ለጁምዓ ቅርጹን ይዞ ይገኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ የአባቴንም የአያንም ያጠብኩት እንዲህ ነው። ይህም እንደ ኮፊያ መሰለኝ። ጣሳውን እንኳ አዘጋጅቼ ነበር። ሳፋው ውስጥ ነከርኩት።

ውሃው ነጣ። ወተት የፈሰሰበት መሰለ። ለካ ጨርቁን አድርቆ ያቆመው ስታርች የሚሉት ሙጫ ነበር። እጄን ስሰድ ተዘረጋ፤ ክንፉም፣ ዘውዱም ሄደ። በአንድ እጄ እጥፋቱን ይዞ የነበረውን መርፌ ቁልፍ፣ በሌላው የረጠበ ጨርቅ ይዤ ቀረሁ።

እናቴ ከቤት ወጣች። «ምን አደረግህ?»

«አጠብኩት።»

አልጮኸችብኝም። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «ሸሚዙን ሱቅ ሰፍቶታል። ይሄ ግን የእጁ ነበር» አለች።

ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ሰደቃው ሳይደርስ ወደነበረበት እመልሰዋለሁ አልኩ፤ ለእሷም፣ ለራሴም። ያለኝ ስልኬ ላይ ያለች፣ አያ ደፍቶት የሚታይባት አንዲት ፎቶ ናት። ፊት ለፊቱ ብቻ ይታያል፤ የኋላው አይታይም። ስንት ጊዜ እንዳጠፍኩት አላውቅም። አንዴ የሕፃን መጠቅለያ ሆነ፣ አንዴ የዳቦ መሸፈኛ። ንስር የመሰለበት ቀን የለም።

ግድግዳ የምንጋራቸው ቄስ አሉ። የአባ ጥምጥም በሰፈሩ የታወቀ ነው፤ አንድ መስመር አይዛነፍበትም። በለቅሶውም ከእኛ ጋር ነበሩ። ጨርቁን ይዤ ሄድኩ።

«ምነው ልጄ፣ ከሳህ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ጨርቁን በጣታቸው ዳሰሱት። «ሸጋ ጨርቅ ነው። ምን ችግር አለው፣ ራሱን አምጣልኝ እንጂ። ያለ ራስ ልክ...» ብለው አቋረጡ።

«ይቅር በለኝ» አሉ።

«ምንም አይደል አባ።»

«ባንተ ራስ እንለካው?»

«የእኔ ይበልጣል። ድስት ነበር የሚለኝ።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከቀብሩ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅሁት ያኔ ይመስለኛል።

ጨርቁን በር ላይ አውጥተው ወደ ፀሐይ ዘረጉት። «ና እይ» አሉኝ። «የእኔ ጥምጥም ጥጥ ነው፤ ሲታጠብ ሁሉን ይረሳል። ይሄ ግን የብረት ክር አለበት። የታጠፈበትን አልረሳም።»

እውነታቸውን ነው። ወርቃማው ክር የታጠፈበት ቦታ ሁሉ ተሰባብሮ ቀጭን መስመር ትቷል። አያ የነካበት ሁሉ ተጽፎ አለ። እኔ ጨርቁ ባዶ መስሎኝ ነበር።

መስመሩ የት እንደታጠፈ ይናገራል እንጂ የቱ እንደቀደመ አይናገርም። ሦስት ቀን ፈጀብን። አባ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እጠብቃቸዋለሁ። ጉልበታቸውን እንደ ራስ አድርገው ጨርቁን ይደፉበታል፤ እኔ አጥፋለሁ፣ እሳቸው ይነቅፋሉ። «ወጥር! ይሄን የመሰለ ጨርቅ እንደ አህያ ጭነት ታስረዋለህ?» ይሉኛል። እናቴ ዳንቴል የምታደርቅበትን የስኳር ውሃ በጥብጣ ላከችልን።

ክንፉ ጋ ስንደርስ ሁለት መስመር ጎን ለጎን አገኘን። አንዱ ደማቅ፣ አንዱ ደብዛዛ። አባ አቅርበው አዩት።

«እዚህ ጋ ተሳስቶ ነበር። አጥፎ፣ ፈትቶ፣ እንደገና ነው ያጠፈው» አሉ።

ይህ ለምን እንደዚያ እንደነካኝ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። አያ ሲሳሳት አይቼው አላውቅም። ለእኔ ሁሉን ነገር እንደቻለው የመጣ ሰው ነበር። ማዶ አገር፣ አንድ ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ሲፈታና ሲያጥፍ ታየኝ። ላሳይህ ያለኝ ጊዜ ይህንንም ያሳየኝ ነበር ይሆናል። እዚህ ጋ እንዳትሳሳት፣ እኔ ተሳስቻለሁ ይለኝ ነበር ይሆናል።

በሰደቃው ቀን ልብሱ ሁሉ ሄደ። ግራጫ ጃኬቱን የወሰደው ሽማግሌ እጅጌው ረዝሞበት እየሰበሰበ ከግቢያችን ወጣ። እንግዳው ሲያልቅ ያጠፍኩትን አምጥቼ እናቴ ፊት አስቀመጥኩ። በደማቁ መስመር ነበር ያጠፍኩት። ነገር ግን የስኳሩ ውሃ ሳስቶ ነው መሰለኝ፣ ክንፉ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል።

ብዙ አየችው።

«ይሄ ንስሩ አይደለም» አለች።

«አይደለም።»

«ዶሮዋ ናት።»

አንገቴን ደፋሁ። «ትልልቅ ሰዎች ናቸው የሚያደርጉት ብሎ የለ» አለች። አንስታ ራሴ ላይ ደፋችው። ጠበበኝ፤ አናቴ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ልኩ የእሱ ነው። እጇን ከላዩ ሳታነሳ ቆየች፣ እኔም አልተነቃነቅሁም።

ከዚያ አወረድኩትና መርፌ ቁልፉን ነቀልኩ።

«ምነው! ደግሞ ልታፈርሰው ነው?»

«ልድገመው ብዬ ነው፣ እማ።»

ጨርቁ እጄ ላይ ተዘረጋ። በዚህ ጊዜ አልደነገጥኩም። መስመሮቹን በጣቴ አንድ በአንድ ተከተልኳቸው፤ መጀመሪያ የትኛው፣ ቀጥሎ የትኛው እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። እናቴ ጥቂት አየችኝና ቀሚሷን ሰብስባ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እንዳጥፍበት ጉልበቷን አቀረበችልኝ።