የሠላሳ ሰከንድ ዝምታ

የድምፅ ቀራጩ ኤልዉድ ፕሬንቲስ በአሜሪካዋ በርባንክ ከተማ የፊልም ሠራተኞች ዘንድ የሚታወቀው በሚቀርጸው ዝምታ ነበር። ፊልም በሚሠሩበት ቤት ሁሉ የትወናው ቀረጻ ሲያበቃ፣ ዕቃው ከመነሣቱ በፊት፣ ሰው ሁሉ ባለበት ደርቆ ይቆማል፤ እሱም የክፍሉን ዝምታ ለሠላሳ ሰከንድ ይቀርጻል። ያ ዝምታ ከሥር ካልተነጠፈ ንግግሩ ሲቆራረጥና ሲቀጣጠል ለጆሮ ይጎረብጣል። መብራት ሠራተኞቹ፣ «ምንም ነገር ሳይቀርጽ ደሞዝ የሚበላ» እያሉ ያሾፉበታል። እሱ በዚህ ቀልድ አያውቅም፤ የአንድ ሰው ሆድ ከጮኸ እንደ አዲስ ያስጀምራል። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የተበላሸ ዝምታ ያስረከበው አንዴ ብቻ ነው።

ሽማግሌው ተዋናይ ሲሪል ዳንቢ ሳንባው ታሞ ነበር። አንድ ቀን የወጥ ቤት ትዕይንት ተቀርጾ ሲያበቃ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሁሉም ጸጥ ሲል፣ በኤልዉድ ማዳመጫ ውስጥ ሲር የሚል ትንፋሽ ገባ። ቀና ብሎ ቢያይ ሽማግሌው አፉን በእጁ አፍኖ ይታገላል። ድገሙት ማለት ነበረበት፤ አንጀቱ አልቻለም። «ተይዟል» አለና የካሴቱ ሣጥን ላይ «ንጹሕ» ብሎ ጻፈ። ውሸቱን ነው።

ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት ዳንቢ ሞተ፤ የመጨረሻው ትዕይንት ገና አልተቀረጸም። ዳይሬክተሯ ማርጎ ቴሪዮ ያላት ባዶው ወንበር ብቻ ነበር። ካሜራዋን አስጠግታ ወንበሩንና ላዩ ላይ የተቀመጠውን የሽማግሌውን መነጽር ቀረጸች፤ የሚሸጥ ዕቃ መሰለ። ከበሩ ሆና፣ በቆመ ሰው ዓይን ቁመት ቀረጸችው፤ ይሄኛው ይሻላል፣ አንድ ሰው ገብቶ እያየ ነው፤ የጎደለው ማን እንደሆነ ግን አይናገርም። ሙዚቃ ጨመረችበት። ሙዚቃው አልቅሱ ይላል፣ የሚያለቅስ የለም። የፊልሙ ባለቤቶች እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ መጨረሻው ተቆርጦ ይወጣል አሏት። ሽማግሌው የሕይወቱን የመጨረሻ ሥራ የሠራው ለዚያ መጨረሻ ነበር።

ኤልዉድ መደርደሪያው ላይ ያለውን ካሴት ያውቃል። «ንጹሕ» ብሎ የዋሸበት ኀፍረት ሁለት ቀን ያዘው። በመጨረሻ ካሴቱን አውጥቶ ከምስሉ ጋር አጫወተላት። ያው ወንበር፣ ያው ብርሃን ነው፤ ከሥሩ ግን አንድ ሰው ይተነፍሳል። በሩ ላይ የቆመው ካሜራ ድንገት ቤቱ ገብቶ ሞቱን ገና ያላመነ ሰው ሆነ። ማርጎ ሙዚቃውን ወዲያው አስወጣችው።

«ከየት አመጣኸው?»

«የተበላሸ ዝምታ ነው። የእሱ ትንፋሽ።»

እንዳለ እናስገባው አለች። ኤልዉድ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ዳይሬክተር ተቃወመ። «ቃሉን ሸጦልናል፤ ትንፋሹን ግን አልሸጠልንም። ሚስቱ ትስማውና እሺ ካላለች ይቅር።»

ወይዘሮ አይዳ ዳንቢ ሐሙስ ጠዋት የክት ኮቷን ለብሳ መጣች። ፊልሙ ሲሄድ ኤልዉድ ፊቷን ማየት ስላልደፈረ የድምፅ መለኪያው መርፌ ላይ አፈጠጠ። ሲያልቅ ወደ ኤልዉድ ዞረች።

«በዚህ ትንፋሹ በጣም ያፍር ነበር» አለች። «እንዳልሰማው ብሎ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ይከፍታል። ስድስት ዓመት ሙሉ ውሃውን የምሰማ መስዬ ኖርኩለት።»

ኤልዉድ አሁን ገባው፤ ሽማግሌው እንዲህ ሲደብቅ የኖረውን ነገር ለአገር ሊያሰማበት ነው። «ይቅር ይበሉኝ፣ ወይዘሮ ዳንቢ። አሁኑኑ አወጣዋለሁ» ብሎ እጁን ወደ ካሴቱ ሰደደ።

እሷ እጅጌውን ያዘችው።

«ትንሽ ዝቅ አድርገው» አለችው። «ግን አታጥፋው።»

ኤልዉድ የድምፁን ቁልፍ በሁለት ጣቱ ይዞ ትንፋሹን ቀስ እያለ ዝቅ አደረገው፣ በቃ እስክትለው ድረስ።