ከእናቴ ጋር ፍል ውሃ የገባሁ ዕለት

ልጅ እያለሁ እናቴ ልብሷን የምትቀይረው በሩን ከውስጥ ቆልፋ ነበር። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ያለችው አፓርታማችን አንድ መኝታ ክፍል ብቻ ነበራት፤ የምንተኛውም በአንድ አልጋ ነው። ስለዚህ ነገሩ ይገርመኝ ነበር። ቀደም ሲል እኮ አብረን ነበር የምንታጠበው። ጀርባዬን እየፈተገች፣ ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ስጮህ እየሳቀችብኝ። ከዚያ ድንገት ቀረ። "አሁን ትልቅ ልጅ ሆነሻል" አለችኝና በሩን ዘጋችው።

ይሄ የሆነው ከሲያትል ከተመለሰች በኋላ ነው። "ጥሩ ሥራ አግኝቻለሁ፣ ለጥቂት ጊዜ ነው" ብላ እኔን ድልድይ ተሻግሮ እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ ለምትኖረው እህቷ፣ ለአክስቴ ለጥሩወርቅ ትታኝ ሄዳ ነበር። ስትመለስ ከስታለች። ውላ አድራም ፀጉሯን በሻሽ መሸፈን ጀመረች። አንድ ቀን ማድቤት ውስጥ አክስቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ስትላት፣ እናቴም "ዝም በይ፣ ልጅቷ ትሰማለች" ስትል ሰምቻለሁ። ብሰማም አልገባኝም። በዚያ ዘመን እዚህ ያደግን ልጆች ይሄን እናውቀዋለን። ወላጆቻችን ደብል ሺፍት ይሠራሉ፣ እኛ ቁልፍ አንገታችን ላይ አንጠልጥለን ራሳችንን እንጠብቃለን፣ በአማርኛ ሲጠይቁን በእንግሊዝኛ እንመልሳለን። የቤቱ ትልልቅ ነገር ግን ሁልጊዜ እኛ በሌለንበት ነው የሚወራው።

እናቴ የምትሠራው አሌክሳንድሪያ፣ አንዲት ጃፓናዊት አሮጊት ቤት ነበር። ታበላቸዋለች፣ ታጥባቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣቸዋለች። ሃሩኮ ይባላሉ። በወጣትነታቸው አሜሪካዊ ወታደር አግብተው መጥተው እዚሁ አርጅተዋል። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጃቸው ፌርፋክስ ይኖራል። እናቴ "እማማ ሃሩኮ" ስለምትላቸው እማማ ማለት የስማቸው ማሳመሪያ መስሏቸው፣ ስልክ ሲያነሱ "ሄሎ፣ እማማ ሃሩኮ" ይሉ ነበር። ትምህርት ሲዘጋ እኔም እዚያ ስለምውል ወረቀት አጥፈው ወፍ መሥራት አስተምረውኛል።

አራተኛ ክፍል እያለሁ እማማ ሃሩኮ አንድ ነገር አማራቸው። ሕፃን ሆነው እናታቸው በየክረምቱ ይወስዷቸው የነበረ፣ ጃፓን ውስጥ ተራራ ላይ ያለ የፍል ውሃ ማረፊያ አለ፤ ሳይሞቱ አንድ ጊዜ እዚያ ውሃ ውስጥ መግባት ፈለጉ። ልጃቸው ሥራ ስለሚበዛበት እናቴ ይዛቸው እንድትሄድ ለመናት። "ልጄን ትቼ ዳግመኛ የትም አልሄድም" አለችው። እንግዲያውስ ትምጣ ተባለ። የፈረንጅ ገና እረፍት ላይ ነበርን።

ከአውሮፕላን ወርደን ባቡር፣ ከባቡር ወርደን ትንሽ አውቶቡስ ያዝን። አውቶቡሱ ተራራውን ሲወጣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተቆለለው በረዶ ከእኔ ቁመት ይበልጥ ነበር። ቤቱ ያረጀ የእንጨት ቤት ሆኖ ከጓሮው እንፋሎት ይወጣል። ገና በሩ ላይ አንድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፣ የተበላሸ እንቁላል ዓይነት። "ማሚ፣ ኢት ስቲንክስ!" ብዬ ጮህኩ። ቆነጠጠችኝ። "ድኝ ነው፤ ፍል ውሃ እንዲህ ነው የሚሸተው። ነውረኛ!"

ጫማችንን በር ላይ አወለቅን። ወለሉ ሁሉ ወፍራም የሣር ምንጣፍ ነው፤ የደረቀ ጭድ ይሸታል። የቤቱ ባለቤት፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴትዮ፣ ተንበርክከው እጅ ነሱን። እናቴም ደንግጣ አብራ ተንበረከከች፤ ሁለቱ ጎንበስ ቀና ሲባባሉ እኔ በሳቅ ልሞት። ምሳ ሲቀርብ ዓሣው ከነጭንቅላቱ ያፈጥብናል። እናቴ የነቢያትን ጾም ይዛ ስለነበር አልነካችውም። እማማ ሃሩኮ ተርጉመው ሲነግሯቸው ሴትዮዋ "እንደ መነኮሳቶቻችን ማለት ነው" ብለው ገበታውን አነሱና፣ ከዚያ ወዲያ ለእናቴ ሩዝ፣ የአኩሪ አተር እርጎ የመሰለ ነገርና የተራራ ቅጠላ ቅጠል ለብቻ ይሠሩላት ጀመር። እናቴ ሰው እንዲህ ሲንከባከባት ያየሁት ያኔ ነው። ሁልጊዜ ተንከባካቢዋ እሷ ነበረቻ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እማማ ሃሩኮ "በሉ፣ ውሃው እየጠበቀን ነው" አሉ። ሦስታችንም የቤቱን ስስ ጋቢ መሳይ ልብስ ለብሰን ወረድን። ልብስ ማውለቂያው ክፍል ስንደርስ ባለቤቲቱ ሥርዓቱን ነገሩን። አስቀድሞ ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ገላን መታጠብ ነው፣ ከዚያ ወደ ውሃው። ጨርቅ የሚባል ነገር ግን ውሃው ውስጥ አይገባም።

እናቴ ቀጥ ብላ ቀረች። "እኔ ልብሴን እንደለበስኩ ከዳር ሆኜ እይዝዎታለሁ" አለች። ባለቤቲቱ አይሆንም ለማለት በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲያው እሳቸው ያስገቡዎት" አለች እናቴ ለእማማ ሃሩኮ።

እማማ ሃሩኮ የእናቴን እጅ ያዙ። "አስካለ፣ በየቀኑ የምታጥቢኝ አንቺ ነሽ። እኔ ካንቺ የደበቅኩት ምን አለ?"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "ሜሪዬ፣ አንቺ ውጪ ጠብቂን። ካልጠራሁሽ እንዳትገቢ።"

ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ከጣሪያው የሚወርደውን በረዶ ሳይ ነበር። የውሃ መፍሰስ፣ የባልዲ ድምፅ፣ የእማማ ሃሩኮ ሳቅ ይሰማኛል። ቀጥሎ እናቴ ጮኸች። "ሜሮን! ቶሎ ነይ!"

ሮጥኩ። ገንዳው ከቤት ውጪ ነበር፣ በድንጋይ የተከበበ፣ እንፋሎቱ ዓይን ይጋርዳል። እማማ ሃሩኮን ድንጋዩ አንሸራትቷቸው፣ እናቴ ከኋላ በብብታቸው ሥር ይዛ አንጠልጥላቸዋለች፤ ማንሳትም ማስቀመጥም አልቻለችም። "እግራቸውን ያዢልኝ!" አለችኝ። ያዝኩ። ቀስ አድርገን የገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጥናቸው። ቀና ስል ያን ጊዜ አየሁት። በግራ በኩል ጡቷ የለም። በቦታው ከብብቷ እስከ ደረቷ መሀል የተጋደመ ረጅም የስፌት ጠባሳ አለ። ሁለቱም እጆቿ አሮጊቷን ደግፈዋል፤ ልትሸፍነው አልቻለችም።

"አትዪ" አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "በቃ፣ አየሽው።"

"ማሚ፣ ካንሰር ነው?"

"ነበረ። አወጡልኝ።"

"ሲያትል?"

"ሲያትል አልሄድኩም፣ የኔ ልጅ።"

እማማ ሃሩኮ አማርኛችንን አልሰሙም። ግን ሁለታችንንም አየት አደረጉና "ልጅቷን ይበርዳታል፣ ትግባ" አሉ። ልብሴን አውልቄ፣ ታጥቤ ገባሁ። ውሃው መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ከዚያ አጥንት ድረስ ይገባል። በረዶው ፀጉራችን ላይ እየወረደ ይቀልጣል። እናቴ አጠገብ ተጠጋሁና እንዳላሳምማት ዞሬ በቀኝ በኩል ልደገፋት ስል ያዘችኝ። "በዚህም በኩል መደገፍ ይቻላል" አለችኝ። "አሁን አያምም።" ጭንቅላቴን ጠባሳው ላይ አደረግኩ። ልቧ ሲመታ ለጆሮዬ በጣም ቅርብ ነበር። እማማ ሃሩኮ በእጃቸው ውሃ እየጨለፉ ትከሻዋ ላይ ያፈሱላት ነበር፤ እሷ ለእሳቸው በየቀኑ እንደምታደርገው። እናቴም ታለቅሳለች፤ ላብም እንባም እንፋሎትም አንድ ላይ ሆኖ።

እስክንመለስ በየቀኑ ገባን። ጀርባዋን ፈተግኩላት። ሳሙና ዓይኗ ውስጥ ጨመርኩና ጮኸችብኝ።

እማማ ሃሩኮ በተመለስን በበጋው፣ አሌክሳንድሪያ አልጋቸው ላይ አረፉ። የእናቴ ሕመም ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ተመልሶ መጣ። ያን ጊዜ ግን ወደ አክስቴ አልላከችኝም። ሽንኩርት እየከተፈች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ "ዶክተሩ ኮል አደረገልኝ። ተመልሷል" አለችኝ። ገበያ እንደምትልከኝ ዓይነት ነበር አነጋገሯ። ቆሜ አብሬያት ከተፍኩ። ገላዋን ያጠብኩት እኔ ነበርኩ፣ እስከ መጨረሻው። ሃይስኩል ስጨርስ ለማየት በጣም ትፈልግ ነበር፤ አልደረሰችበትም።

ዛሬ እኔም አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው። ዘመኑ ተለውጧል ይባላል። እውነት ነው፣ አሁን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እንኳ ሴቶቹ ስለ ምርመራ ጮክ ብለው ሲያወሩ እሰማለሁ። ያኔ ስሙ እንኳ "ያ በሽታ" ነበር። ባለፈው ዓመት አክስቴ ጥሩወርቅ ደውላ "ጡቴ ላይ አንድ ነገር ዳስሻለሁ፣ ለማንም ሳልናገር ላንቺ ነው የነገርኩት" ስትለኝ የዚያኑ ዕለት ሥራዬን ጥዬ ሄድኩ። ምርመራው ክፍል አብሬያት ገባሁ፣ እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። ደጉ ነገር፣ ክፉ አልነበረም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። "ደህና ነሽ ተብለሽ ምን ያስለቅስሻል?" አልኳት።

"እናትሽ ብቻዋን ነው የገባችው" አለችኝ። "ኦፕራሲዮን የሆነች ቀን ሆስፒታሉ በር ላይ አወረድኳት። አብሬሽ ልግባ ስላት፣ ሜሪን ከትምህርት ቤት የሚያመጣት የለም፣ አንቺ ሂጂ አለችኝ። ቦርሳዋን ይዛ ብቻዋን ገባች።"

ያን ቀን አስታውሰዋለሁ፤ ሲያትል ሄደች የተባልኩበት ቀን ነው። አክስቴን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ ሳያት እየሮጥኩ ሄጄ ተጠመጠምኩባት። የእንጆሪ አይስክሬም ገዛችልኝ። ሬዲዮውን ከፍ አድርጋልኝ፣ እኔ እግሬን እያወዛወዝኩ፣ ድልድዩን ተሻግረን አሌክሳንድሪያ እስክንገባ ድረስ ስዘፍን ነበር። በልጅነቴ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።