ታድግበታለች ተብሎ የተገዛ መነጽር

ሮማን ለልጇ ልኳ የሆነ ነገር ገዝታ አታውቅም። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ራሷም ብትጠየቅ አትክድም። ሶሲ የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ የክረምት ካፖርቷ ግን የተሰፋው ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። እጅጌው ሁለት ጊዜ ታጥፎ በክር ተይዟል። ቦት ጫማዋ ውስጥ ካልሲ ተደርቦም እግሯ እንደ ልቡ ይንሸራሸራል። ባለፈው ገና የለበሰችው ቀሚስ ደግሞ ወለል እየጠረገ ሲሄድ ያየችው ዘመናይ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን አስተባባሪ፣ «ሮማንዬ፣ ይኼንን ለሰርጓም ታደርገዋለች ማለት ነው?» ብላ ቀልዳባታለች። ሮማን ስቃ አለፈቻት። ለእንዲህ ዓይነቱ ቀልድ ያላት መልስ አንድ ብቻ ነው፤ «ታድግበታለች» ትላለች።

ክፋት የለባትም፤ ያደገችው እንዲህ ነው። አዳማ ውስጥ ስድስት ልጆች በነበሩበት ቤት ልብስ ለአንድ ልጅና ለአንድ ዓመት ብቻ አይገዛም ነበር። ሰው አገር ይለውጣል እንጂ አመሉን አውሮፕላን ማረፊያ ጥሎ አይገባም። ሮማን አሁን ሚኔሶታ ውስጥ፣ ፎርት ስኔሊንግ አጠገብ ባለው አውሮፕላን ማረፊያ፣ አረጋውያንን በዊልቸር እየገፋች ከበር ወደ በር ታደርሳለች። ባሏ ኤርሚ መንገደኛ ከሆቴል የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዳል። ሦስቱም ፊሊፕስ ሰፈር አንድ አፓርታማ ውስጥ ይኖራሉ።

የሶሲ ግራ ዓይን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ደካማ ነው። ደህናው ዓይን በፕላስተር እየተሸፈነ ደካማው እንዲለምድ ብዙ ተሞከረ፤ ጥቂት ረዳ እንጂ አላዳነውም። መነጽር ታደርጋለች፤ የማየቱን ሥራ በአብዛኛው የተሸከመው ግን ቀኝ ዓይኗ ነው። ሐኪሟ ረጋ ብላ፣ «ልጅቷ ሁሉን ነገር መሥራት ትችላለች፤ ስፖርት ስትሠራ ብቻ ያንን ደህናውን ዓይን የሚከልል ነገር አድርጉላት» ብላ ነበር። ሮማን ከዚህ ሁሉ ንግግር ይዛ የወጣችው «ያንን ደህናውን ዓይን» የሚለውን ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ኳስ የለም፣ ብስክሌት የለም፣ ግቢ ውስጥ በበረዶ መወራወር የለም። ሌሎቹ ልጆች ሲጫወቱ ሶሲ ዳር አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። ልጆቹም መቀመጧን ለምደው፣ ሲሞቃቸው ካፖርታቸውን አምጥተው እላይዋ ላይ ይከምሩባታል።

አንድ ቀን ማታ፣ እራት ላይ፣ ሶሲ ክፍላቸው በሙሉ ለስኪ፣ በበረዶ ላይ ለመንሸራተት፣ ሊወሰድ መሆኑን ተናገረች። የተናገረችው ልመና በሌለው ድምፅ ነበር፤ መልሱን ቀድማ አውቃዋለችና።

«ኢትስ ኦኬ» አለች፣ ፓስታዋን በሹካ እየጠቀለለች። «ቲቸር ዕቃ መጠበቅ ትችያለሽ ብላኛለች።»

ኤርሚ ሹካውን አስቀመጠ። «ሮሚ» አለ ሚስቱን፣ «ልጅቷ እኮ የካፖርት ማንጠልጠያ አይደለችም።»

ንግግሩ የሮማንን አንጀት በልቶታል፤ ፍርሃቱ ግን ከአንጀቷ ይበልጥ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲባል የሰማችው ከልጅነቷ ነው። በመጨረሻ፣ «ዓይኗን ደህና አድርጎ የሚሸፍን ነገር ካገኘሁ ትሂድ» አለች። «ካላገኘሁ ግን ሁለታችሁም እንዳትለምኑኝ።»

ሶሲ ሹካዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየቻት። የዚያች ልጅ ፊት ላይ እንደዚያ ያለ ተስፋ ሮማን አይታ አታውቅም፤ ደስታዋን ያህል አስፈራት።

በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ወዳለ፣ ያገለገለም አዲስም የስፖርት ዕቃ ወደሚሸጥ ሱቅ ብቻዋን ሄደች። መቼም ልብስ ስትገዛ ልጇን ይዛ ሄዳ አታውቅም፤ ልክ ለማያስፈልገው ነገር የልጅቷ መኖር ምን ያደርጋል? ሱቁ ውስጥ የምትሠራው ሲፋን የምትባል ወጣት ነበረች። ሮማን ከኤርሚ ጋር በስልክ ስታወራ ሰምታት በአማርኛ ሰላም አለቻት። ቤተሰቧ ኦሮሞ ናቸው፤ አማርኛውን የለመደችው ፊሊፕስ ውስጥ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስታድግ ነው።

ሮማን የስኪ መነጽሮቹ ከተደረደሩበት መካከል ትልቁንና ጥቁሩን አነሣች። መስታወቱ ሰፊ ነው፤ ፊቷን እንደ መስተዋት መልሶ ያሳያል። የጠቆረ መስታወት ዓይን የበለጠ የሚጠብቅ መሰላት፤ የሰፋ ደግሞ ብዙ ዓመት የሚያገለግል።

«ይኼ የአዋቂ ነው፣ እህቴ» አለች ሲፋን። «ለማን ነው?»

«ለልጄ። ስምንት ዓመቷ ነው።»

«ታዲያ እሷ የታለች? ጎግልስ እኮ ያለ ፊት አይመረጥም። መነጽር ታደርጋለች?»

«ታደርጋለች።»

«እንግዲያው ይዘሻት ነይ። ሄልሜት አድርጋ፣ መነጽሯንም አድርጋ ትሞክረው። ዙሪያውን ፊቷ ላይ ካልገጠመ በረዶም ነፋስም ይገባል።»

«ታድግበታለች» አለች ሮማን።

ሲፋን የሮማንን ፊት አይታ ሒሳቡን ሠራችላት። ሮማን ከፍላ፣ «ጌታ ይባርክሽ፣ የኔ ቆንጆ» ብላ መርቃት ወጣች።

ቤት ስትደርስ ላስቲኩ ለሶሲ ጭንቅላት ረዘመ። ይህ ለሮማን ችግር አይደለም። መርፌና ክር አወጣች፤ ላስቲኩን እንደ ካፖርቱ እጅጌ አጥፋ፣ ክሩን ደርባ፣ ጥርቅም አድርጋ ሰፋችው። ኤርሚ ከሶፋው ላይ ሆኖ ሲመለከት ቆይቶ፣ «እቴ፣ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለ።

«ዝም በል። ቅዳሜ እናየዋለን» አለች።

ሮማን ዓይቶ ሳይሆን ሞክሮ የሚያምን ሰው ናት። ቅዳሜ ጧት ሦስቱም ከአፓርታማው ጀርባ ወጡ፤ የበረዶ መጥረጊያው መኪና የገፋው በረዶ ጥግ ላይ ተቆልሏል። ሶሲ ከጎረቤት የተዋሱትን ሄልሜት አደረገች፤ ከመነጽሯ በላይ ያንን ትልቁን ጥቁር ነገር አጠለቀች። ከፊቷ የታየው የአፍንጫዋ ጫፍና አፏ ብቻ ነበር። ደስ ብሏት ትስቃለች።

«በል ወርውር» አለች ሮማን ባሏን። «ቀስ አድርገህ።»

ኤርሚ አንድ እፍኝ በረዶ አነሣና ሽቅብ በተነው። በረዶው በሁለቱ ጉንጮቿ በኩል፣ ጣት በሚያሳልፈው ክፍተት፣ ሰተት ብሎ ገባ። ሶሲ አሁንም ሳቀች። ትንፋሿ ግን በዚያው ክፍተት ሽቅብ ወጥቶ የውስጡን መነጽር አላበው፤ ቀኑም ደመና ስለነበር የጠቆረው መስታወት ጨርሶ አጨለመባት። ሳቋ ቀስ በቀስ ቆመ። ሁለት እጇን ወደ ፊት ዘርግታ እየዳሰሰች መራመድ ጀመረች፤ ሦስት አራት እርምጃ ተራምዳ ከቆመ መኪና ጎን ጋር ተላተመች።

አልተጎዳችም። ሮማን ግን ልጇ በቀን ብርሃን ግድግዳ ፈላጊ ሆና ስታያት ደነገጠች። ከዓመታት በፊት ሐኪሟ ፊት ተቀምጣ የፈራችው ይህንን ነበር፤ አሁን ደግሞ በገዛ እጇ ሰፍታ አመጣችው።

«ማሚ፣ አይ ካንት ሲ» አለች ሶሲ። ጥቁሩን መነጽር አውልቃ በረዶውን ከጉንጯ ጠረገች። ከዚያ እናቷ በደንብ እንድትሰማት ነው መሰል፣ ወደ አማርኛ ዞረች። «ምንም አይደለም። እኔ ካፖርት እይዛለሁ።»

ኤርሚ «ከእጅ አይሻል ዶማ» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፤ የሚስቱን ፊት ሲያይ ዋጠው። ሮማን እያለቀሰች ነው።

ያስለቀሳት ዓይን ብቻ አይደለም፤ ጫማም ነው። አንደኛ ክፍል ስትገባ አባቷ ጥቁር የቆዳ ጫማ ገዙላት፤ የሚያምር ጫማ፣ በሁለት ቁጥር የሚበልጣት። ጫፉ ላይ ጋዜጣ ተጠቀጠቀበት። ትምህርት ቤት የሩጫ ውድድር የተደረገ ቀን ገና ስትነሣ አንደኛው ጫማ መስመሩ ላይ ቀረ፤ ሊያነሡት የመጡት ልጆች ጋዜጣውን መዝዘው አውጥተው ጮክ ብለው አነበቡት። ከዚያ በኋላ ሮማን ሮጣ አታውቅም። እግሯ አድጎ ጫማው ልኳ ሲሆን ደግሞ ሶሉ አልቆ ነበር። አባቷን አትወቅስም፤ ያላቸውን ነው ያደረጉት። እሷ ግን አሁን ስታስበው በልጅነቷ ልኳ የሆነ ነገር ያደረገችበት አንድም ቀን ትዝ አላላትም። ይህንንም ለልጇ በካፖርት፣ በቦት፣ በቀሚስ ስታወርሳት ኖራለች።

«ማንም ካፖርት አይይዝም» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «ነገ ከቸርች በኋላ ሦስታችንም እንሄዳለን።»

በማግስቱ ሱቁ ሲደርሱ ሲፋን «ብዬሽ ነበር» አላለችም። ትልቁን መነጽር ተቀብላ አገላበጠችና ስፌቱን ስታይ ሳቋ አመለጣት። «እህቴ፣ ይኼንንማ እንዴት ልመልሰው? ኦልሬዲ ልብስ አድርገሽዋል።» ሮማንም ሳቀች፤ ዕቃውን ከረጢቷ ውስጥ መለሰችው።

ከዚያ ሲፋን ሶሲን ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። መጀመሪያ ሄልሜቱን አደረገችላት፤ ከዚያ የሕፃን መጠን ካላቸው መካከል ለመነጽር ቦታ ያላቸውን እየለየች አንድ በአንድ ሞከረችላት። «ቀና በይ። ዝቅ በይ። አፍንጫሽን ይጫንሻል? መነጽርሽ ጆሮሽ ላይ ይወጋሻል?» እያለች ጠየቀቻት። ሶሲ እንደ ዳኛ ቆጠብ ብላ መለሰች፤ ይኼ ይጫናል፣ ይኼ ይንቀሳቀሳል፣ ይኼ ኢዝ ኦኬ። በመጨረሻ አንድ ብርቱካናማ ክፈፍ ያለው አደረገችና ጸጥ አለች። ሲፋን ጣቷን በዙሪያው አስኬደች፤ በጉንጭም በግንባርም በኩል ክፍተት የለም። መስታወቱ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው። «በደመና ቀን እንደዚህ ያለው ነው የሚሻላት፤ የበረዶውን ጉብታና ጎድጓዳ ለይታ ታያለች» አለች።

«ለከርሞስ ይሆናታል?» አለች ሮማን፣ ሳታስበው።

«ለከርሞ እንጃ። አሁን ግን ልኳ ነው።»

ኤርሚ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ሮማን ልጇን አየቻት፤ ከሮዙ መስታወት በስተጀርባ ሁለቱም ዓይኖች መልሰው እሷን ያያሉ።

«ይበቃናል» አለች።

ሲፋን ሲወጡ በሩ ድረስ ተከትላቸው፣ ካላበው ውስጡን በጣት እንዳይጠርጉት፣ ግንባር ላይም እንዳይሰቅሉት፣ አየር ሲያገኝ ራሱ እንደሚደርቅ ነገረቻቸው። ሮማን ይህንን ምክር መኪና ውስጥ ለሶሲ ደጋግማ ስለነገረቻት ልጅቷ በመጨረሻ ጆሮዋን ያዘች።

የስኪው ዕለት ሮማን ተራዋን ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ለውጣ ከክፍሉ ልጆች ጋር አብራ ሄደች። ሚኔሶታ ተራራ የለውም። እዚያ ስኪ የሚነዳበት ኮረብታ አዳማ ቢሆን ስም እንኳ አይወጣለትም ነበር። ሶሲ አናቱ ላይ ስትቆም ግን ራስ ዳሽን ሆነ። ቀኑ ሞቅ ያለ፣ ደመናማ ነው፤ ስስ በረዶ ፊት ፊት ይላል። ሮማን ዓይኗን መክፈት ሲያቅታት ከረጢቷ ውስጥ የቀረው ትልቁ መነጽር ትዝ አላት። ስፌቱን በጥርሷ በጥሳ አጠለቀችው። ዓይኗን ሳትጨፍን ጸለየች፤ እንዲህ ያለ ጸሎት ጸልያ አታውቅም።

ሶሲ ሁለት እግሯን ከፊት አጥብባ፣ ቀስ እያለች ወረደች። ከመሐል ፍጥነቷ ጨመረ። ከዚያ በፊቷ ተደፋች።

ሮማን ሮጠች። በረዶው ውስጥ እየሰጠመች፣ እየተንደረደረች፣ ከአንደኛ ክፍል ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሮጠች። ስትደርስ ሶሲ ቀድማ ተነሥታ ነበር። ብርቱካናማው መነጽር ካለበት ንቅንቅ አላለም። ልጅቷ የላዩን በረዶ በጓንቷ ጠረገች፤ ውስጡ ደረቅና ንጹሕ ነው፤ ዓይኖቿም ይስቃሉ።

«አየሽኝ?» አለች በአማርኛ።

«አየሁሽ» አለች ሮማን። የልጇን ካፖርት ከበረዶው አራገፈችላት።

ሶሲ ደጋግማ ወጣች፤ ደጋግማ ወረደች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የካፖርቷ እጅጌ ክሩ ተፈትቶ እጇን ዋጠውና፣ ወደ ላይ የሚስበውን ገመድ መያዝ አስቸገራት። ካፖርቱን አውልቃ በወፍራም ሹራቧ ቀረች።

«ማሚ፣ ያዢልኝ» አለች።

ሮማን ካፖርቱን በሁለት እጇ ተቀበለች። የዚያች ልጅ ክንዶች የስንቱን ልጅ ካፖርት ሲይዙ እንደኖሩ አሰበችና ደረቷ ላይ አጠበቀችው። ሶሲ ግን አልሄደችም። ቆማ እናቷን ታያለች።

«ማሚ፣ ጎግልሱ ልክሽ ነው።»

ሮማን ጓንቷን አውልቃ ጣቷን በዙሪያው አስኬደች፤ ሲፋን ስታደርግ እንዳየችው። በግንባር በኩል ክፍተት የለም። በጉንጭም የለም።

«አንቺም ሞክሪ» አለች ሶሲ።

ሮማን «ለከርሞ» ልትል ነበር፤ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። መልሳ ዋጠችው። ካፖርቱን አጥሩ ላይ ሰቀለችና የስኪ ጫማ ወደሚከራይበት ቤት ገባች። ባንኮኒው ላይ ያለው ሰው የእግሯን ቁጥር ጠየቃት። ሮማን ልክ ቁጥሯን ነገረችው።