እንሶስላ ያልያዘው ቀኝ እጅ

የጎረቤታችን ልጅ ከዓረብ አገር ተመልሳ ልትዳር በነበረበት ሳምንት፣ መካነ ሰላም ውስጥ በእኛ ሰፈር እንሶስላ ያልሞቀች ልጃገረድ አልነበረችም። ሙሽራዋን ከሚያጅቡት አንዷ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዋ የልጅ ልጄ ነበረች። በሠርጉ ዋዜማ ሥሩን ወቅጬ ሁለቱንም እጆቿን ቀባሁና በጉሎ ቅጠል ጠቅልዬ አሰርኩላት።

ጠዋት ስንፈታው ግራው እንደ በርበሬ ቀልቷል። ቀኙ እንደነበረ ነው።

"እምዬ፣ ይኼኛው ምን ሆኖ ነው?" አለች። እንባዋ አቀረረ። ሊያዩ የመጡት ጓደኞቿ ግን አላዘኑላትም።

"ወላሂ፣ ግራሽ ተድራለች፤ ቀኝሽ ገና አልታጨችም!" አለቻት አንዷ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። እጇ ከመታሰሩ በፊት የልጅ ልጄ ፀጉሬን ቅቤ የቀባችኝ በቀኟ ነው። በጨርቅ ጠረግ አድርጋ ስትዘረጋልኝ፣ እያየሁ ዝም ብዬ ለጠፍኩበት።

ከተማርኩት ኬሚስትሪ ብዙው ጠፍቶብኛል፤ ይቺ ግን ቀርታለች። ከጓደኞቿ የአንደኛዋን ጣት በከሰል አጠቆርኩና "ታጠቢ" አልኳት። ለቀቀ።

"ከሰሉ ቆዳሽ ላይ አረፈ እንጂ አልተያያዘም። እንሶስላ ውስጥ ግን ለዓይን የማይታዩ ሞለኪውሎች አሉ። የቆዳሽ ሞለኪውሎችም ባዶ እጃቸውን የዘረጉ ያህል ናቸው። ሲገናኙ ይያያዛሉ፤ ውኃ አያላቅቃቸውም። ቆዳው እስኪታደስ አብረው ይኖራሉ።"

"የእሷ ቀኝስ?" አለች ልጅቷ።

"ቅቤ መካከል ገብቶ አላገናኝ አላቸው።"

"ቅቤ ነገረኛ ነው እንዴ!" አለች ከጓደኞቿ ትንሿ። ሳቁ። የልጅ ልጄ ግን፣ "እስከ ከሰዓት ይደርሳል?" ብቻ አለች።

ቃል አልገባሁላትም። እጇን በሙቅ ውኃና በሳሙና ሦስት ጊዜ አሸሁት፤ የተረፈውን እንሶስላ ለጠፍኩ፤ ልጆቹ ቅጠሉን እየተቀባበሉ አሰሩላት። እስከ ሰባት ሰዓት ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። ምሳዋንም እየቀለዱባት አጎረሷት።

ሲፈታ የብርቱካን ልጣጭ መስሏል። ከግራው ጋር አይገጥምም። አገላብጣ አየችው።

"ስንት ሰዓት ቆየ?"

"አራት ያህል።"

"ግራው እኮ ሌሊቱን ሙሉ ነው ያደረው። ታዲያ ይኼ ጎበዝ ነው" አለችና ወጣች።

ሠርጉ ቤት እልልታው ሲቀልጥ ከሚያጨበጭቡት ልጆች መካከል ከሩቅ ለየኋት። ባለ ሁለት ቀለም እሷ ብቻ ነበረች።