ጠብታ ዘይትና የእትዬ ጎመን

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የማሽን ጥርስ ቆራጭ ነበር። ክብ ብረት ማሽኑ ላይ ያስርና ዙሪያውን እየበላ ጥርስ ያወጣለታል። የወፍጮ ቤቱም፣ የእንጨት መሰንጠቂያውም የሚዞረው በእሱ እጅ ሥራ ነበር። ዝምተኛ ነው። ሲደሰት ያፏጫል፤ ሲከፋው ጺሙን ይላጫል። የጎመኑ ጣጣ በመጣበት ዓመት ፊቱ እንደ ሕፃን ለስልሶ ከረመ።

የምንኖረው በአንዲት ጠና ያሉ ሴት ግቢ ተከራይተን ነበር። እትዬ እንላቸዋለን። ፊት ለፊት እሳቸው፣ ከኋላ እኛ፣ ከእኛ ጎን የእሱ መሥሪያ ክፍል፣ ከአጥሩ ሥር ደግሞ የእትዬ ጎመን።

ብረት ሲቆረጥ ዘይት ካላገኘ መቁረጫው ይቃጠላል። እሱም እንደተማረው ጥቁሩን የማሽን ዘይት ከላይ ያዘንብበታል። የተረፈው በበሩ ሥር ወጥቶ በቦዩ ወደ አጥሩ ይወርዳል። ማናችንም ልብ አላልነውም። እትዬ ናቸው አንድ ቀን ቢጫ ቅጠል ይዘው መጥተው በሩ ላይ የቆሙት።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ጎመን ነው፣ እትዬ።"

"ነበር በል። እኔ ካንተ ጋር ጠብ የለኝም፤ እንደ ልጄ ነው የማይህ። ግን ክረምቱ ወጥቶ አዲሱም ተክል እንዲህ ከሆነ፣ ማሽንህን ታነሳለህ።"

ማሽኑን ማንሳት ማለት ሥራውን መተው ነው። ያን ጩኸት ግቢዬ ይግባ የሚል ሌላ አከራይ ከየት ይመጣል?

አንድ ቀን ሽንኩርት ሳቁላላ መጥቶ ድስቱን ትክ ብሎ ያያል።

"ይሄ ዘይት አፈር ላይ ቢፈስ ምን ያደርጋል?"

"እኔን ያስለቅሳል" አልኩት።

በማግስቱ የዘይት ጠርሙሴ ከቦታው የለም። ሄጄ ባየው ማሽኑ ላይ እያፈሰሰ ያፏጫል። መቁረጫው ቀጥ ብሎ ይቆርጣል፣ ጭስ የለም፣ ሽታው ግን ሰፈሩን አዳረሰው። ምሳ ሰዓት ላይ ጎረቤታችን አናጢው ዳቦውን ይዞ ከች አለ።

"ዛሬ ምንድን ነው የሚጠበሰው?"

"ብረት" አልኩት።

"እሺ፣ ለእኔ ለስለስ ያለውን አውጪልኝ።"

ደስታችን ግን አልቆየም። የእህቴ ሠርግ ደረሰና በሩን ቆልፈን ሄድን። ስንመለስ ዘይቱ ማሽኑ ላይ ደርቆ እንደ ሙጫ ይዞታል፤ እጀታው ንቅንቅ አልል አለ። ባለቤቴ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። "በቃ፣ አልሆነም" አለ።

እኔ ትምህርቴ ጥቂት ነው፤ ድስት ግን አውቃለሁ። ሳይታጠብ ካደረ ድስትም እንዲሁ ነው። ሙቅ ውሃና ሳሙና አምጥቼ ጎንበስ አልኩ። እሱም ጨርቅ አነሳ። ያን ቀን የተሳሳቅነው ሳቅ ዛሬም ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲህ ራት ሳይቀርብ እሱ ማሽኑን፣ እኔ የምሳውን ሳህን እናጥብ ነበር።

ዘይቴ በዚያ አያያዝ የሚበቃ አልነበረም። ይሄኔ ከጤና ጣቢያ የተጣለ የግሉኮስ ቱቦ ለምኖ አመጣና አጥቦ ከጣሪያው ላይ አንጠለጠለው፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ልክ መቁረጫው ጫፍ ላይ። አናጢው አይቶ "ምነው፣ ማሽኑን አሞታል እንዴ?" አለ። ድሮ ጄሪካን የሚጨርሰው ሥራ በአንድ ሲኒ ሆነ። የብረቱም ፍርፋሪ ንጹሕ ሆኖ መውጣት ጀመረ። ድሮ በጥቁር ዘይት የተለወሰውን አይቶ "ጭቃ አታምጣብኝ" ይል የነበረው ብረት አቅላጩ ራሱ እየመጣ ይወስደው፣ አቅልጦም ለአዲስ ጥርስ የሚሆን ክብ ብረት አድርጎ ይመልስልን ጀመር።

ክረምቱ ወጣ። እትዬ አዲስ የጎመን ችግኝ አፍልተው ከአጥሩ ሥር ተክለው ነበርና፣ እኔ በየጠዋቱ ቅጠሉን በመስኮት እየሰረቅሁ አያለሁ፤ እሱ ፈርቶ በዚያ በኩል አያልፍም። አንድ ቀን ጠዋት እትዬ ሳያንኳኩ ገቡ። ጎንበስ ብለው ወለሉን በጣታቸው ጠረጉና አሸተቱት። ወደ ቦዩ ሄደው አፈሩን ቆንጥረው አሸተቱ። ጣታቸውን በነጠላቸው ጠርገው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ዶማ ሲመታ ሰማንና ወጣን። እትዬ ከአጥሩ ጀምረው እስከ መሥሪያ ክፍሉ ደፍ ድረስ እየቆፈሩ ነው።

"እትዬ፣ ምን ሆነን ነው?" አለ ባለቤቴ።

"ምን ትሆናለህ። ቦታ ጠቦኝ ነው። በሩን ስትከፍት ቀስ በል፤ ጎመኔን እንዳትገጨው።"

ከዚያ በኋላ ባለቤቴ እስኪያረጅ ድረስ መሥሪያ ክፍሉ የሚገባው በሩን ገርበብ አድርጎ በጎኑ ሾልኮ ነበር፤ ሆዱ እየገፋ ሲመጣ እንኳ ትንፋሹን ውጦ።