የመራጭ ሚስት ቁምሳጥን

ሰፈሩ ሁሉ «መራጭ» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ቢኖር ሚስቱ ብቻ ነበረች፤ እሷም ብትሆን ሲብስባት «አንተ ሰውዬ!» ነው የምትለው። ሥራው አሮጌ የእንጨት ዕቃ መምረጥ ነው። ቁምሳጥን ይሁን ቡፌ፣ ኮመዲኖ ይሁን ባለመሳቢያ ሣጥን፣ ብቻ አሮጌ ይሁን፣ ብቻ እንጨት ይሁን። አዲስ ቤት የገባ ሰው «የድሮ ዕቃ አማረኝ፣ ግን እንዳልሸወድ ፈራሁ» ካለ ወደ እሱ ይላካል። እሱም ዕቃውን ፈልጎ፣ አጽድቶና ቀብቶ ያስረክባል።

ሲመርጥ ማየት ነበር! ሻጩ የሚያወራውን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። በሩን ከፍቶ መጀመሪያ አፍንጫውን ያስገባል፤ እርጥበት የበላው እንጨት ሽታው ያጋልጠዋል። ቀጥሎ መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ ስቦ ያወጣና ይገለብጠዋል። «ፊቱንማ ማንም ይቀባባዋል፣ ሰውም ዕቃም የሚታወቀው ከኋላው ነው» ይላል። ጥርስ ለጥርስ የተነካከሰ ማዕዘን ሲያይ ፊቱ ይፈካል፣ ምስማር ሲያይ ይኮሳተራል። የነቀዝ ቀዳዳ ካገኘ በጣቱ መታ መታ ያደርገዋል፤ ዱቄት ከረገፈ ነቀዙ ገና ማዕድ ላይ ነው፣ ካልረገፈ በልቶ ሄዷል። ጀርባው ስስ፣ ርካሽ ኮምፔንሳቶ ከሆነማ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል ይወጣል።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ቤት ምን ዓይነት ቁምሳጥን ቆሟል ትላላችሁ? ምንም! ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች አሉ። የሚስቱ ልብስ ያለው ካርቶን ውስጥ ነበር። አልጋው ሥር ካርቶን፣ በሩ ኋላ ካርቶን፤ የክት ልብሷ ደግሞ አንሶላ ለብሶ ግድግዳ ላይ በምስማር ተንጠልጥሏል።

አላመጣላትም እንዳይባል፣ አምጥቷል። ያውም ስንቱን! በተጋቡ ሰሞን ከጥድ የተሠራ ባለሁለት በር አመጣና «ይኸው የአንቺ ነው» ብሎ ቫርኒሹ እስኪደርቅ በረንዳው ላይ አቆመው። አንድ ደንበኛ መጥቶ አየው፤ ዓይኑ እዚያው ቀረ። መራጭ ወደ ሚስቱ ዞሮ «ይሄን ላስተላልፈውና ለአንቺ የተሻለ አመጣለሁ፤ ይሄ እግሩ ትንሽ ይነቃነቃል» አላት። የሚቀጥለው መስተዋቱ የደበዘዘ ነበር፣ ሄደ። ከዚያ የመጣው ቁልፉ የራሱ አልነበረም፣ እሱም ሄደ። እንከን የሌለውም መጣ፤ እሱን ደግሞ እንከን ስለሌለው ፈላጊው በዛና ሄደ። አንዱም ከበረንዳው አልፎ ደፍ አልረገጠም። ክፋት የለበትም፣ እናንተዬ። ይወዳታል። ለእሷ የሚመጥነው ገና አልተገኘም ብሎ ከልቡ ያምናል። እሷ መጀመሪያ ታኮርፍ ነበር፣ ከዚያ መሳቅ ጀመረች፣ በመጨረሻ ዝም አለች። ዝም ስትል ነገሩን የተወችው መሰለው። አይ ወንድ!

«መራጭ ይወድቃል ከምራጭ» ትለው ነበር በደህናው ጊዜ። «እኔን ስታገባ ግን እንዲህ አልፈተሽከኝም። አገላብጠህ ብታየኝ ኖሮ ጀርባዬ ኮምፔንሳቶ ነበር።»

«የቸኮልኩት ደንበኛ እንዳይቀድመኝ ብዬ ነው» ይላታል።

እንዲህ ሲሉ ሲስቁ ሳል ጀመራት። ብርድ ነው ተባለ፣ ጉንፋን ነው ተባለ። ሳሉ ግን እንደ ቤተኛ ተደላድሎ ተቀመጠ። በመጨረሻ ሐኪሙ ሳንባዋን ካየ በኋላ ባልየውን ለብቻው ጠራና «ቤት ወስደህ አስታምማት፤ ብቻ ከጭስና ከአቧራ ጠብቃት» አለው። መራጭ መድኃኒት ሊታዘዝ ነው ብሎ ቆሞ ጠበቀ። ሐኪሙ ምንም አልጨመረም። ያኔ ገባው።

ቤት እንደገቡ በርዷት ሰማያዊ ሻርፗን እንዲያቀብላት ጠየቀችው። አልጋው ሥር ተንበርክኮ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ገለበጣቸው። ሻርፑ ከሁሉም ሥር ተገኘ፣ ሻግቷል። የሰውን ሁሉ ዕቃ ሽታ ለይቶ የሚያውቅ አፍንጫ የገዛ ሚስቱ ልብስ ሲሻግት አልሸተተውም። እዚያው አልጋው ሥር እንደ ተንበረከከ አለቀሰ፤ እሷ እንዳትሰማው አፉን በሻርፑ አፈነ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሥራ አልሠራም። አንድ ነገር ብቻ ፈለገ፦ ዓይኗ እያየ ልብሷን ቁምሳጥን ውስጥ ማስገባት። በየመንደሩ ዞረ፣ በየመጋዘኑ ገባ። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ቤታቸውን ዘግተው ልጃቸው ጋ ሊገቡ ሲሰናዱ ደረሰ፤ ያገኘውም እዚያ ነው። የዝግባ ነበር፤ ሰፊ፣ ባለሦስት በር፣ መሳቢያዎቹ በአንድ ጣት የሚሳቡ። ብሎን የሚባል ነገር የለውም፤ እንጨቱ እንጨቱን ነክሶ፣ በሙጫ ተይዞ አንድ አካል ሆኗል። መካከለኛው በር ላይ ትልቅ ጭረት ነበረበት። መራጭ ጭረቱን አየው፣ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። በዕድሜው ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ እንከን አይቶ ዝም አለ።

በፒካፕ ጭኖ ሲመጣ ሚስቱ በመስኮት አየችው። «የማነው?» አለች በደከመ ድምፅ።

«የአንቺ ነው። በረንዳ ላይም አይውል፤ በቀጥታ ወደ ውስጥ!»

ተሸካሚዎቹ አንስተው ወደ በሩ አስጠጉት። ጓ! አለ። አዘነበሉት፣ አዞሩት፣ በጎን ሞከሩት። ጓ! አሁንም ጓ!

«ጋሼ» አለ አንደኛው ላቡን እየጠረገ፣ «በሩ አይበቃውም።»

መራጭ በድን ሆነ። ለደንበኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳት ጥያቄ «የበራችሁ ስፋት ስንት ነው?» የምትል ናት። በሩን ሳይለካ ለማንም ዕቃ መርጦ አያውቅም። የራሱን በር ግን ለክቶት አያውቅም፤ ምን ሊያስገባበት ይለካዋል? በመስኮት እንዳይባል መስኮቱ ጠባብ ነው፣ ያውም ብረት አለው። ይፈታ እንዳይባል የሚፈታ የለውም። ዘሎ ገብቶ መጋዝ ይዞ ወጣ፤ ያን የመሰለ ዕቃ ሌላ ሰው ሲጎርድ ቢያይ ኖሮ መጀመሪያ የሚሳደበው እሱ ራሱ ነበር።

«እንዳትነካው!» አለች ሚስቱ ከአልጋዋ። ጩኸቷ ሳል ሆኖ አለቀ። ሳሉ ሲተዋት «ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩትን ልትቆርጠው? እጅህ ይቆረጥ!» አለችው። መጋዙን ጣለ።

ታናሽ ወንድሟ ግንበኛ ነው። ተጠርቶ መጣና በሩን በስንዝር ለካ። «ቀላል ነው ጋሼ፣ መቃኑን ነቅዬ ግድግዳውን በዚህ በኩል ባፈርሰው...» ብሎ ጀመረና አቋረጠው። ሁለቱም ያሰቡት አንድ ነገር ነው። የጭቃ ግድግዳ ሲፈርስ አቧራው! እስኪያልቅ ድረስ ወንድሟ ቤት ትክረም እንዳይባል፣ ከትራሷ ቀና ማለት እንኳ ትንፋሽ ያሳጥራት ነበር።

የልባቸውን ያወቀችው ራሷ ነች። «አትጨነቁ» አለች። «እኔ ስወጣ እሱ ይገባል።»

ወንድሟ ፊቱን አዞረ። መራጭ «አፍሽን ቁርጥማት ይያዘው!» ብሎ ተቆጣት። ከዚያ በፊት ተቆጥቷት አያውቅም ነበር።

በማግስቱ አልጋዋን ወደ መስኮቱ አስጠጋላት። ቁምሳጥኑን ፊት ለፊቷ አቁሞ በሮቹን ከፈተና ካርቶኖቹን ወደ በረንዳው አወጣ። እሷ ከመስኮቱ ብረት ወዲህ ተኝታ፣ እሱ ወዲያ ቆሞ፣ ማዘዝ ጀመረች።

«ሻርፖቹ ላይኛው መሳቢያ። አይደለም፣ ግራውን! አንሶላዎቹ ከሥር፤ እጥፋታቸው ወደ ውጭ ይሁን፣ ሲከፈት እንዲያምር። የክት ልብሴ መካከል ላይ ለብቻው ይሰቀል። የክረምቱ ከኋላ። የቀኙ በር ያንተ ነው፣ አንተም እንደ ሰው ልብስህን ስቀል።»

አንዱንም አሰብ አድርጋ አልተናገረችም። የሸሚዝ ቁልፍ እንደምትቆልፍ፣ እጇ እንደለመደው ነገር ነበር። እሱ አንሶላ እንደታቀፈ ቆሞ ቀረ።

«ይሄን ሁሉ መቼ አሰብሽው?»

«ጥዱ የመጣ ጊዜ ነዋ። ከዚያ በኋላም አንድ ባመጣህ ቁጥር በዚህ መስኮት እያየሁ በዓይኔ ስደረድር ኖርኩ። ባለመስተዋቱ ብቻ አስቸግሮኝ ነበር፤ መሳቢያ ስላልነበረው ሻርፖቹን የት ላድርጋቸው?» ብላ ፈገግ አለች።

«ይቅር በይኝ» አለ። አንሶላውን ጭምቅ አድርጎ ያዘ።

«ይቅር ብያለሁ። አሁን አንሶላውን አትጨማድደው።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። አንድ ጠዋት፣ ሸራ የለበሰው ቁምሳጥን ላይ ዝናብ እየመታ፣ ትንፋሿ ቀስ እያለ ቆመ። ሬሳዋን ሲያወጡ በሩ በቃት፤ እንዲያውም ተርፎ ነበር።

ለቀስተኛው ሁሉ ከተመለሰ በኋላ ወንድሟ መዶሻውንና መሮውን ይዞ መጣ። መራጭ «ግድግዳው አይፍረስ፣ ተወው» አለው፤ እሱ ግን «ቃሏ ነው ጋሼ፣ አንተን ሳይሆን እሷን ነው የምሰማው» አለ። መቃኑን ነቀለና ግድግዳውን አንድ ጊዜ መታው። አፈሩ ተንዶ አቧራው ቦለለ።

«ቆይ! ቆይ!» ብሎ መራጭ ጮኸ። እየተደናቀፈ ወደ መኝታ ቤቱ ሮጠ፤ አቧራው እንዳይደርስባት በሩን ሊዘጋባት። እጀታውን ይዞ ወደ ውስጥ አየ። አልጋው ባዶ ነበር፣ ፍራሹም ተነስቷል።

ቀስ ብሎ ተመለሰ። «ረስቼው ነው» አለ። «ምታው፤ ከእንግዲህ ማንም አያስልም።»

ወንድሟ መዶሻውን አነሳ፤ ግን በዚያ ቀን መምታት አልቻለም።